ሃያ አራቱ ሜጁና የቡንሬ ጋን

ፕዮ ጆንግቴክ ሚስቱ ቡንሬ ከሞተች ወዲህ በብርዱ ወራት የሚተኛው ከሃያ አራት ሜጁ ጋር ነው። ኅዳር ላይ አኩሪ አተሩን ይቀቅላል፣ ይወቅጣል፣ እንደ ጡብ ይጠፈጥፋል፣ በሩዝ ጭድ አስሮ ከመኝታ ክፍሉ ጣሪያ ላይ ይሰቅላል። ከሥሩ በሚያልፈው የማድቤት ምድጃ ጭስ የሚሞቀው ወለል ቀስ እያለ ያነቃዋል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሜጁው ነጭ ጠጉር ያወጣል፤ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ። ሽታው ከልብስ አይለቅም። ፖስተኛው ደብዳቤ ሲኖር ከአጥሩ ላይ ጥሎ ይሄዳል።

ወለሉ ይበልጥ የሚሞቀው በምድጃው በኩል ነው። ቡንሬ በታመመች ጊዜ ያንን ቦታ ለቀቀላት። ከሞተችም በኋላ አልተመለሰበትም። ሜጁውን የሰቀለው ከዚያ ቦታ በላይ ነው። ለጠየቀው ሰው ሙቀቱ የሚበቃው እዚያ ስለሆነ ነው ብሎ ሊመልስ ተዘጋጅቷል፤ የጠየቀው ሰው ግን የለም።

ሥራውን ያስተማረችው በመጨረሻዋ ኅዳር ነው። ከፍራሽዋ መነሳት አቅቷት በሩን አስከፍታ ወደ ማድቤቱ ትጮህ ነበር።

"ውሃው በዛ! ሾርባ ነው እንዴ የምትሠራው?"

"እስከ እጅህ አንጓ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።"

"የሰው አንጓ መስሎኝ ነዋ! የበሬ አንጓ መሆኑን ረስቼ።"

ከዚያ ትስቃለች፤ ስትስቅ ሆዷን ስለሚያማት ወዲያው ታቆማለች።

በጓሮው የድንጋይ መደብ ላይ ስምንት ጋን ተደርድሯል። ሰባቱ ተራ ጋኖች ናቸው። ስምንተኛውን የጆንግቴክ እናት ናት ለምራቷ ያወረሰችው። ውስጡ ያለው ጃንግ፣ ከሜጁ የሚወጣው ጨው ያለው የምግብ ማጣፈጫ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ነው፤ አንድ ማንኪያ ከሾርባ ላይ ጠብ ካለ ቤቱ በሙሉ ማን እንዳበሰለው ያውቃል። ይህ ጋን አልቆ አያውቅም። በየዓመቱ ከሜጁው በሚወጣው አዲስ ጃንግ ይሞላል፤ አሮጌው አዲሱን ያስተምረዋል ትል ነበር ቡንሬ። ሳይሞላ ዓመታት ካለፉት ግን ይጠጥራል፣ ጨው ይጋግራል፣ ይነጥፋል። ቡንሬ ስትሞት ስለ ልጅም ስለ መሬትም አልተናገረችም። "ጋኑ እንዳይነጥፍ" ብቻ ነው ያለችው።

ደሙ የመጣው እሷ በሞተች በሦስተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ጠዋት ጥርሱን ሲቦርሽ ነው። መጀመሪያ ድዱ መሰለው። በማግስቱ ሲያስል መዳፉ ሞላ።

ጆንግቴክ የሳንባ በሽታን አያውቅም አይባልም። ሃያ ሦስት ዓመቱ ሳለ፣ ከውትድርና በተመለሰ ማግስት፣ ሳንባ ነቀርሳ ጥሎት ነበር። ዳነ፤ አገባ፤ አርባ ዓመት ሩዝ አመረተ። በቀኝ ሳንባው አናት ላይ ግን ሎሚ የሚያህል ባዶ ቦታ ቀርቷል። ሐኪሞች ፎቶ ባነሱት ቁጥር ያሳዩታል፤ እሱም እንደ አሮጌ ጠባሳ አይቶ ይመልስላቸዋል።

የአውራጃው ሐኪም አዲሱን ፎቶ አየና "ቲቢው ተመልሷል" አለው። አክታው ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም። ሐኪሙ ግን ተደብቆ ነው አለ። ጆንግቴክ ዘጠኝ ወር ሙሉ ክኒን ዋጠ። ሽንቱ ብርቱካን መሰለ፤ አምስት ኪሎ ቀነሰ፤ ሳሉ ንቅንቅ አላለም።

የመንደሩ አዛውንት ሁሉ ምሳውን የሚበላው የሽማግሌዎች ቤት በሚባለው የጋራ ቤት አንድ ላይ ነው። ቲቢ ነው የተባለ ሰሞን ጆንግቴክ እንደ ወትሮው ሄዶ ከቦታው ተቀመጠ። ሳህኑ ቀረበለት። ማንኪያው እጀታ ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። ክሩን ያሰረችው ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው፣ ከሃዶንግ ተድራ ስለመጣች ሁሉም "የሃዶንግዋ" የሚላት ባልቴት ነበረች። ጆንግቴክ በዚያ ማንኪያ ሩዙን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ በላ፤ አመሰገነ፤ ተነስቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ አልሄደም።

የሃዶንግዋ ግን አልተወችውም። በየሁለት ቀኑ ከአጥሩ ላይ ጎድጓዳ ሳህን ታስቀምጥና ራቅ ብላ ትጣራለች።

"አንቱ ሰውዬ! ዛሬም አልሞቱም?"

"ያንቺን ሾርባ ሳልቀምስ?"

"እንግዲያው ይቅመሱና ይሙቱ። የቡንሬን ጃንግ ሲበሉ ኖረው ምላስዎ ሞቷል።"

ሁለቱ ሴቶች ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተከራከሩት በዚህ ነው፤ የማን ጃንግ ይበልጣል በሚለው። ቡንሬ ሞታም ክርክሩ አላቆመም።

ወደ ሴኡል እንዲሄድ ወጥራ የያዘችው ልጁ ሄሱክ ነች። ከኡልሳን ትደውላለች፤ የምትሠራበት የመርከብ ፋብሪካ ጩኸት ከኋላዋ ይሰማል።

"አባዬ፣ ሪፈር ያጽፉ። የአውራጃ ሐኪም ከዚህ በላይ አያውቅም።"

"ዘጠኝ ወር የዋጥኩት ክኒን ይበቃኛል።"

"ደምዎን እየተፉ ነው እኮ!"

"ያንቺን አልተፋሁ።"

ግን አጻፈ። ሪፈሩንና ፎቶዎቹ ያሉበትን ሲዲ በአንድ ፖስታ አድርጎ ሦስት ወር ተራ ጠበቀ። ቀኑ ሲደርስ በመጀመሪያው ፈጣን ባቡር ሄደ። የትልቁ ሆስፒታል መተላለፊያ ከየገጠሩ በመጡ ሽማግሌዎች ተሞልቷል፤ ሁሉም ፖስታውን እንደ ሕፃን ታቅፏል። ከጎኑ የተቀመጠው የደሴት ዓሣ አስጋሪ ፖስታውን አየና፣

"ሳንባ?" አለው።

"ሳንባ።"

"እኔ ጉበት ነኝ። ስንት ወር ጠበቁ?"

"ሦስት።"

"ሦስት ወር፣ ለሦስት ደቂቃ! ሲገቡ ኮትዎን አውልቀው ይግቡ። እኔ ባለፈው ቁልፉን ስፈታ አለቀብኝ።"

ከመግባቱ በፊት አንዲት ነርስ ቅጽ ሞላችለት። ማጨስ? ትቷል። ዶሮ፣ እርግብ? የለም። ቤት ውስጥ ሻጋታ? "የለም" አለ ቆጣ ብሎ። ቡንሬ በሕይወት ሳለች ግድግዳውን በሆምጣጤ ነበር የምትወለውለው፤ እሱም ያንኑ ያደርጋል። የሻገተ ግድግዳ የሰነፍ ቤት ምልክት ነው። ሜጁው ትዝ አላለውም። ቤትህ ሌባ ገብቷል ወይ ሲባል ወንድሙን የሚቆጥር ሰው የለም። ከማን ጋር ይኖራሉ? "ብቻዬን።"

ዶክተር ታክ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ነበረች። በጀርባውና በሆዱ አስተኝታ ሁለት ጊዜ ሲቲ ስካን አስነሳችው። በሁለተኛው ቀጠሮ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አደረገችለት።

"በጀርባዎ ሲተኙ ኳሱ እዚህ ነው። በሆድዎ ሲተኙ ወደዚህ ተንከባለለ። ይታይዎታል?"

ታየው። አሮጌው ባዶ ቦታ ውስጥ አንድ ድቡልቡል ነገር አለ።

"ምንድነው?"

"ሻጋታ ነው፣ አባባ። ነቀርሳው ጥሎት በሄደው ባዶ ቤት ገብቶ ጎጆ ቀልሷል። የደም ምርመራውም ይህንኑ ነው የሚለው። ቲቢ አልተመለሰብዎትም።"

"ለሰው ይተላለፋል?"

"አይተላለፍም።"

"አንድም ሰው ላይ?"

"አንድም።"

"እንግዲያው በወረቀት ይጻፉልኝ። ማኅተም ይኑረው።"

ኳሱን በቀዶ ጥገና ስለማውጣት የሌላ ሐኪም አስተያየት አስፈለገ። ከወንዙ ማዶ ባለ ሌላ ሆስፒታል የሚሠራ የቀዶ ጥገና ሐኪም አየው፤ በቱቦ አስነፈሰው፤ ደረጃ አስወጣው፤ ራሱን ነቀነቀ። ቢቆረጥለት የሚተርፈው ሳንባ አያኖረውም። ስለዚህ ክኒን ነው፤ ለወራት፣ ምናልባትም ለዓመታት። ዶክተር ታክ ክኒኑን ከምግብ በኋላ በኮካ እንዲውጠው አዘዘችው፤ መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም የሚገባው እንደዚያ ነው። ጆንግቴክ በሰባ አንድ ዓመቱ ኮካ መጠጣት ጀመረ። ግሳቱ ያሳፍረው ነበር፤ የሚሰማው ሰው ባይኖርም።

ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይዞ በምሳ ሰዓት ወደ ሽማግሌዎች ቤት ሄደ። የሃዶንግዋ መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበችው። "የማይተላለፍ" የሚለው ላይ ስትደርስ ሁሉም እሰይ አሉ። ከዚያ ቀጠለችና የበሽታውን ስም አነበበች።

"ሻጋታ?" አለች አንዷ። "ሳንባቸው ሻግቷል ማለት ነው?"

"እንደ ዳቦ?"

ጆንግቴክም አብሮ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ። አጠገቡ የነበረችው ሴት በጣም በቀስታ፣ ማንም እንዳያይባት ተጠንቅቃ፣ ሳህኗን ወደ ራሷ ሳበች። ማንኪያው ሲቀርብለት ክሩ እንዳለ ነበር።

በሙቀቱ ወራት ተሻለው። ደሙ ቆመ፤ አራት ኪሎ ጨመረ። ዶክተር ታክ "ጎበዝ" አለችው። ኅዳር ሲደርስ እንደ ዓመቱ ሁሉ አተሩን ቀቀለ፤ ሃያ አራቱን ሰቀለ፤ ብርድ እንዳይገባ የመስኮቱን ሽንቁር በወረቀት ለጠፈ። ነጩ ጠጉር ሲወጣ ደስ አለው። ጠዋት ሲነሳ ፍራሹ ላይ አረንጓዴ ብናኝ ያገኛል፤ በእጁ እየጠረገ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ጥር ሲገባ ደሙ ተመለሰ። በአንድ ጠዋት ግማሽ ሲኒ።

ዶክተር ታክ ግራ ገባት። በደሙ ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን በቂ ነው። ምናልባት ሻጋታው መድኃኒቱን ለምዶት ይሆናል አለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሰባት የሳንባ ሐኪሞች ተሰብስበው ስለሱ እንደሚነጋገሩ፣ የሚደማውን ሥር ለመድፈን ሊገደዱ እንደሚችሉ በስልክ ነገረችው። ጆንግቴክ ሰባት ሐኪም ስለ አንድ ሰው የሚሰበሰበው መቼ እንደሆነ ያውቃል። ቡንሬንም እንዲሁ ተሰብስበውላታል።

በማግስቱ ቀጠሮው ነበር፤ ሕይወቱን የያዘ ሰው ዘንድ ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድም። ከሃያ አራቱ መካከል ጠጉሩ ያማረውን አንድ ሜጁ መረጠ። ከስምንተኛው ጋን በትንሽ ጠርሙስ ጃንግ ቀዳ። ሁለቱን በቡንሬ ሐምራዊ መጠቅለያ ጨርቅ አስሮ ጭኑ ላይ አድርጎ ተጓዘ። ከጎኑ የተቀመጠች ወጣት ሁለተኛው ጣቢያ ላይ ተነስታ ወደ ሌላ ፉርጎ ሄደች። ቀሪውን መንገድ ብቻውን ተቀመጠ።

ጥቅሉን የዶክተሯ ጠረጴዛ ላይ ሲያኖረው ነርሷ አፍንጫዋን ያዘች።

"አባባ፣ ስጦታ መቀበል ሕጉ ይከለክለኛል" አለች ዶክተር ታክ። "ይመልሱት።"

"ስጦታ አይደለም። የሚበላ ነው።"

"የሚበላም ቢሆን።"

ቋጠሮውን ልትመልስለት እጇን ዘረጋችና ቆመች። ጨርቁን ፈታች። ጠጉር ያወጣውን ጡብ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ አሸሸች።

"ይህን የት ነው የሰቀሉት?"

"ቤቴ።"

"ቤትዎ የትኛው ክፍል?"

"የምተኛበት ነዋ። የሚሞቀው እሱ ብቻ ነው።"

"ከመኝታዎ ምን ያህል ይርቃል?"

ጆንግቴክ እጁን ዘረጋ። "ይህን ያህል። ባለቤቴ ትተኛበት ከነበረው በላይ ነው።"

"ስንት ነው?"

"ሃያ አራት ነበር። አሁን ሃያ ሦስት።"

ነርሷ በሩን ከፍታ ሰዓቷን አሳየች። ዶክተሯ በእጇ ምልክት መለሰቻት።

"ሻጋታ አለ ወይ ተብለው ተጠይቀው ነበር። ሁለቴ።"

"ይህ ሻጋታ ነው እንዴ?" አለ፤ ድምፁ ውስጥ የነበረው ቁጣ ሳይሆን እውነተኛ መገረም ነበር። "ይህ ሜጁ ነው።"

ዶክተር ታክ አልሳቀችም። እየመረጠች ተናገረች። "ከዚህ የመጣ ነው ብዬ አልምልም። ሻጋታ የሌለበት አየር የለም፤ ሜጁ ሲሠሩ ዘመናቸውን የፈጁ ሰዎች ጤነኞች ናቸው። የርስዎ ሳንባ ግን ቀዳዳ ቤት ነው፤ የመጣው ሁሉ ይገባበታል። ወራት ሙሉ በየሌሊቱ ከሥሩ እየተኙ እኔ የምሰጥዎት ክኒን ምን ያደርግልዎታል? ከቤት ይውጣ። ሲሠራም እጅዎ እንዳይገባበት። ለሁልጊዜ።"

"ጋኑስ?"

"የምን ጋን?"

ነገራት። አጭር አድርጎ ሊነግራት ነበር፤ አልሆነለትም። ነርሷ እንደገና በሩን ከፈተች። በዚያ ቀን ጆንግቴክ ክፍሉ ውስጥ የቆየው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ውጭ የሚጠብቁት ሽማግሌዎች ሲወጣ በቁጣ አዩት።

"ሌላ ሰው ይሥራልዎት" ነበር የዶክተሯ የመጨረሻ ቃል። እሱም "ሰው የለም" ብሎ ነው የወጣው። ጠርሙሱንም ሜጁውንም ተሸክሞ ተመለሰ።

ሰው አልነበረም ማለት ግን ልክ አይደለም። አንዲት ሴት ነበረች። ሦስት ቀን አሰበ። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ አፉን በጭንብል ሸፍኖ የሃዶንግዋ ግቢ በር ላይ ቆመ።

"ምነው ተሸፋፈኑ? ባንክ ሊዘርፉ ነው?"

"ሜጁዬን ውሰጂልኝ" አለ። "ካንቺ ቤት ይሰቀል። ጃንጉንም አንቺ አውጪው። ለቡንሬ ጋን የሚሞላው ብቻ ይሰጠኝ።"

የሃዶንግዋ እጇ ላይ የነበረውን ሽንኩርት አስቀመጠች። ለሠላሳ ዓመት የጠበቀችው ቃል ይህ ነበር፤ አሁን ግን ምን እንደምታደርግበት የጠፋት መሰለች።

"ቡንሬ ሰምታዎታል?"

"አልነገርኳትም።"

"የኔ ቤት ጭስ አለው። የኔ ውሃ ሌላ ነው። ከኔ ጣሪያ ሥር ከከረመ እኔን እኔን ነው የሚለው። የሷን ያህል ጨው አልጨምርም፤ ይህን ይወቁት።"

"አውቃለሁ።"

"ሐኪሟ ናት?"

"ሐኪሟ ናት።"

"እንግዲያው እዚያው ይቁሙ። አይንኩት።"

በሁለት እጇ ሁለት ሁለት እያንጠለጠለች አሥራ ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። ጆንግቴክ ጓሮው ውስጥ ጭንብሉን እንዳደረገ ቆሞ አያት። በመጨረሻው ዙር በአንድ እጇ ከሴኡል የተመለሰችውን ይዛ ወጣች። ያችን ከሌሎቹ ረዘም አድርጋ አየቻት። "ጠፍጥፈውታል፤ አያስነውርም" አለች፣ ወደ እሱ ሳትዞር።

በዚያ ሰሞን ጆንግቴክ ክፍሉን በሆምጣጤ ወለወለ፤ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አሰጣ። ሽታው በሳምንቱ ጠፋ። በባዶው ጣሪያ ላይ የጭዱ ገመድ የታሰረባቸው ሚስማሮች ቀሩ። አሁን ሁሉም ወለል የእሱ ነው፤ የሚሞቀውም ጭምር። እሱ ግን ፍራሹን ከነበረበት አላነሳም። በመስኮቱ በኩል፣ ብርዱ በሚሰማበት፣ ጥጉን ይዞ ይተኛል። ደሙ ሰባቱ ሐኪሞች ከመሰብሰባቸው በፊት ቀነሰ፤ መጋቢት ላይ ቆመ።

የሃዶንግዋ ለጃንግ መልካም ነው በሚባለው፣ በአገሩ አቆጣጠር በፈረስ ስም በተሰየመው ቀን ሜጁውን በጨው ውሃ ነከረችው፤ ከሰልና ቀይ በርበሬ ጣለችበት። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ በማንቆርቆሪያ እየተመላለሰች አዲሱን ጃንግ አመጣች። ጆንግቴክ የስምንተኛውን ጋን ክዳን አነሳ። ወደ ሲሶው ወርዶ ነበር፤ ዳር ዳሩን ጨው ነጭ አድርጎታል። እሷ ቀስ አድርጋ አፈሰሰች፤ እሱ በእንጨት ጭልፋ አማሰለ። ከዚያ ቀመሰ።

ጭልፋውን ጋኑ ጠርዝ ላይ አንጠፈጠፈ።

"ታዲያስ?" አለች።

"ያንቺ ነው።"

"ነግሬዎት ነበር እኮ!"

"ነግረሽኝ ነበር።"

የሃዶንግዋ ጭልፋውን ከእጁ ወሰደች። አልጠረገችውም። እሱ የቀመሰበትን ጠርዝ አፏ ውስጥ ከታ ቀመሰች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ እንደገና ቀመሰች።

"ከሥር እሷ አለች" አለች። "ነዝናዛ! መች ዝም ትልና።" ጭልፋውን መልሳ ሰጠችው፤ ማንቆርቆሪያዋን አንስታ ሄደች።

ጆንግቴክ ደግሞ ቀመሰ። ከሥር ምንም አልተሰማውም። ምናልባት ኮካው ምላሱን ገድሎት ይሆናል፤ ምናልባትም የሃዶንግዋ አዝናለት ዋሽታው ይሆናል። ጋኑ ግን እስከ አንገቱ ሞልቷል። ክዳኑን ገጠመ፤ በላዩ ድንጋይ ጫነበት።

በግንቦቱ ቀጠሮ ያችው ነርስ ያንኑ ቅጽ አወጣች። ዶሮ፣ እርግብ? የለም። ቤት ውስጥ ሻጋታ?

"የለም" አለ። ዘንድሮ እውነት ነበር።

ነርሷ ምልክት አደረገችና ወደሚቀጥለው መስመር ወረደች። ከማን ጋር ይኖራሉ? ጆንግቴክ "ብቻዬን" ሊል ጀመረና እስከ አንገቱ የሞላው ጋን ትዝ አለው።